አንቺ ብለህ ድገመው

ወንድሟ አንቱ ያላት ጠዋት ነው፣ ሻይ እየቀዳች ሳለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ በዳቦው ሳህንና በባሏ የመኪና ቁልፍ መሀል ተቀምጦ ነበር። እጇ ስለረጠበ በክርኗ ነካ አድርጋ ድምፁን ለቤቱ በሙሉ ለቀቀችው። “እንደምን አደሩ፣ እትዬ?” አለ ወንድሟ ከባሕር ማዶ። ሳቀች። ወንድሟ ቀልደኛ ነው፤ “ከመብራት መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው፣ መስመራችሁን ልንቆርጥ ነው” እያለ ስንት ጊዜ አስደንግጧታል። “ምነው፣ ሳልሰማ ተሾምኩ እንዴ?” አለችው። አልሳቀም። “ደህና ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ለእረፍት ልመጣ ነው። ዛሬ በእናንተ አስር ሰዓት ላይ እሳፈራለሁ። በራሴ ፈቃድ ነው የምመጣው፤ እንዳያስቡ፣ እሺ?” ከኋላው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ስልኩ ተዘጋ። ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ፣ ማስቀመጫውን ሞልቶ፣ በጠረጴዛው ላስቲክ ላይ እየፈሰሰ ቁልፉ ጋ ሲደርስ ነው ማንቆርቆሪያውን ቀና ያደረገችው።

ባሏ አንድ እግሩን በጫማ፣ ሌላውን በካልሲ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። “ይኸውልሽ፣ ሊመጣልሽ ነው። ደስ አይልሽም?” አለና የጫማ ማንኪያውን ፍለጋ አልጋው ሥር አጎነበሰ። ለአንድ ዓመት ብሎ የሄደ ሰው በአራተኛ ወሩ ሲመለስ “ምነው፣ ምን ገጠመው?” ይባላል። ጎረቤት እንኳ ይላል። ባሏ አላለም። ደግሞ እሱ የእህት ባል ብቻ አይደለም፤ ልጁን ሥራ ያስገባው እሱ ነው። ሹፌር የሆነበት የብረታ ብረት ድርጅት ባሕር ማዶ የአንድ ፋብሪካ ጣሪያ ለመሥራት ሲዋዋል፣ “በያጅ እየፈለጉ ነው፣ ለልጁ ልናገርለት?” ብሎ ወሬውን ቤት ያመጣው እሱ፣ በድርጅቱ ሚኒባስ ከነጓደኞቹ ጭኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰውም እሱ። አሁን ከአልጋው ሥር ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል፤ በማጎንበሱ ይሁን በሌላ ነገር አላወቀችም። ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገች። እሱም ሻዩን ሳይነካ “መኪና ላሳጥብ ነው” ብሎ ወጣ። መኪናው የታጠበው ትናንት ነው፤ ማታ ራሱ ነው የነገራት።

ወንድሟ ከዚህ በፊት አንቱ ያላት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ እሱ የወተት ጥርሱን ገና ያልጨረሰ ልጅ፣ እሷ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ እናታቸው ሥራ ውላ ስለምትገባ ቤቱንም እሱንም የምትጠብቅ እህት ነበረች። አንድ ቀን የሠፈሩ ባለሱቅ ጆሮውን ይዞ በራፉ ላይ አቆመው። “እትዬ፣ መስኮቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ ልጁ። መጀመሪያ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ቀጥላ የባለሱቁን ጣቶች አየች። “ጆሮውን ይልቀቁለት” አለችና ወንድሟ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ “አሁን ያልከውን አንቺ ብለህ ድገመው” አለችው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። “አንቺ...” አለና እንባው ቀደመው። “አንቺ፣ እኔ አልሰበርኩም።” የሰበረው የባለሱቁ የገዛ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንኳን አንቱ ሊላት፣ “እቴ” ብሎ መጥራቱንም እንደ ውለታ የሚቆጥር ሆኖ ነው ያደገው። እንግዲህ አንደበቱ የሚገራው ሰው ጆሮውን ይዞ የራሱ ያልሆነ ነገር ሲያናግረው ነው። ያን ጊዜ ባለሱቁ ነበር። አሁን፣ ባሕር ማዶ፣ ማን ነው?

አውቶብስ ውስጥ ሆና ደወለች፤ ዝግ ነው። ወረደች፣ ደወለች፤ ዝግ ነው። የወረደችው ደግሞ አንድ ፌርማታ አልፋ ኖሯል፤ ተመልሳ በእግሯ መጣች። ሱቋ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። ጣሪያው ደረጃውን ተከትሎ ስለሚወርድ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ማጎንበስ ግድ ነው። ኪራዩ ግን ማጎንበስ አያውቅም፣ በየዓመቱ ቀና ነው። ሁለት የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ ሱሪዎች፣ ከሱሪዎቹ ሥር ደግሞ ሜትሮ። ሜትሮ የሚባሉት መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ነው፤ ቤታቸውም እሱን አጥልቀው ነው የሚተኙት ይባላል። እሳቸውን አንቱ የምትላቸው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ ስፌቱን ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና አንቱታው እንደ አባት ነው፣ አይቆረቁርም። ያን ጠዋት የአንድ ደንበኛ ሱሪ ልታሳጥር ተቀምጣ፣ መኪናውን እየረገጠች፣ እየረገጠች፣ “እንዳያስቡ፣ እሺ?” የሚለው ቃል በጆሮዋ እየተመላለሰ ቆየች። ሜትሮ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። “ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እግር የለውም እንዴ?” አሏት። ዝቅ ብላ ብታይ የሱሪውን አንድ እግር አፉን ገጥማ ድፍን አድርጋ ሰፍታዋለች።

የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት የመጣችው ያን ስፌት እየተረተረች ሳለ ነው። የሴትዮዋ ባል ከልብስ ሰፊዋ ወንድም ጋር በአንድ ቀን የሄደ፣ እዚያም በአንድ ክፍል የሚያድር ነው፤ ሴቶቹ ጓደኝነት የጀመሩት አውሮፕላን ማረፊያ አብረው ያለቀሱ ቀን ነው። የኮቷን ዚፕ ልታስቀይር አምጥታ ከሜትሮ ጋር በዋጋ ትከራከር ጀመር። “ይሄ ዚፕ እኮ ከኮቱ ሊበልጥ ነው!” “ኮቱን ያለ ዚፕ ይልበሱታ፣ ነፋሱ በነፃ ነው” አሏት ሜትሮ። ሳቀች፣ ተስማማች፣ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እሺ፣ ወንድምሽስ? እጁ እንዴት ሆነለት?”

“እጁ?”

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። “ወይ ጉዴ! የምታውቂ መስሎኝ እኮ ነው። ባልሽ አልነገረሽም? የኔው ‘ሹፌሩ ያውቃል’ አለኝ።”

ከዚያ ወዲያ የተነገረውን ነገር ልብስ ሰፊዋ የሰማችው መተርተሪያውን እንደያዘች፣ ዓይኗን ከሱሪው ሳታነሳ ነው። የጣሪያው ብረት ሲወርድ ሰንሰለቱ ተንሸራቶ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጨፈለቃቸው። አራት ቀን ሆነው። ፎርማኑ፣ ከዚሁ ከእነሱ ድርጅት አብሮ የሄደው ፎርማን፣ ሆስፒታል አይሄድም አለ። ሆስፒታል ከሄደ የት ነው የምትሠራው፣ እንዴት ተጎዳህ ይባላል፤ ከተባለ ደግሞ ሌላ ሌላውም ይወጣል። ሌላ ሌላው ምንድነው ቢባል፣ የዚያ አገር ሠራተኞች እዚያው ጣሪያ ላይ፣ እዚያው ብረት ላይ፣ አጠገባቸው ቆመው እጥፍ ይከፈላቸዋል፤ ጀምበር ሳትጠልቅም ቤታቸው ይገባሉ። የእኛዎቹ ማን ናችሁ ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ “ሥልጠና ላይ ነን” በሉ ተብለዋል። ስለዚህ የሠልጣኙን እጅ በአንሶላ ቁራጭ ጠቅልለው፣ የራስ ምታት ክኒን ሰጥተው፣ ስምንት ሰው ከሚያድርበት ክፍል አስተኙት። “ሌሊት ሌሊት ያቃስታል አለኝ” አለች ሴትዮዋ። “ዛሬ ሊልኩት ነው አሉ፤ ነገሩ ሳይሰማ።” ልብስ ሰፊዋ ድንገት ብድግ ስትል ጭንቅላቷን ከጣሪያው አጋጨችው፤ በስንት ዓመቷ። ሜትሮ ሱሪውን ከእጇ ወሰዱ። “ሂጂ፣ ልጄ። እግሩን እኔ እከፍትለታለሁ።”

የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ወንበሮቹ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ነው፤ ባለጉዳይ ይዟቸው እንዳይሄድ ይሆናል። የመጀመሪያው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ “ምንድነው?” አለቻት። “ወንድሜ ውጭ ሄዶ እጁን...” “ውጭ የሄዱ ሦስተኛ ፎቅ።” ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሰልፉ ከደረጃው ይጀምራል። ከፊቷ ያሉት ሁሉ እናቶችና እህቶች ናቸው፤ ልጃቸው ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ድምጿ የጠፋባቸው፣ አሠሪዋ ስልኳን የነጠቀባቸው። አንዷ ለሌላዋ ፎቶ ታሳያለች፣ ሌላዋ የራሷን ታወጣለች። ልብስ ሰፊዋ ያን ሁሉ እያየች መቆም አቃታት፤ ከአንድ እግር ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ። ሰዓቷን ባየች ቁጥር ረፍዷል። ስልኩን ሞከረች፤ ዝግ ነው። አዳራሹ በሙሉ ቶሎ የሚራመድ አንድ ሰው የለውም፤ ጸሐፊዋ ማህተሙን ስታነሳ እንኳ የሕፃን እጅ እንደምትይዝ ቀስ ብላ ነው። በመጨረሻ ተራዋ ደረሰና “ወንድሜ ውጭ ሄዶ ተጎዳ” አለች።

“በየትኛው ኤጀንሲ ነው የሄደው?” አላት መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው።

“ኤጀንሲ አይደለም። የሚሠራበት ድርጅት ነው።”

“ደሞዙን ማነው የሚከፍለው?”

“ድርጅቱ። እዚሁ ያለው።”

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። “እሱማ ተልኮ ነዋ! ታዲያ ለምን ‘ሄደ’ ትያለሽ? ሄደ ሌላ፣ ተላከ ሌላ። የሄደ እኔ ጋ ነው፣ የተላከ ምድር ቤት።”

ምን ታድርግ? አውሮፕላን ውስጥ የገባን ሰው “ሄደ” ከማለት ሌላ ምን የሚል አለ? እናት “ልጄ ሄደ” ብላ ነው የምታለቅሰው፤ ጎረቤት “እሱማ ሄደ፣ ተገላገለ” ብሎ ነው የሚቀናው። “ተላከ” የሚባለው እንደሆነ ጨው ሊገዛ ሱቅ የሮጠ ልጅ ነው። ሥራውን ያስገባው ባሏ እንኳ አንድ ቀን “ላክናቸው” ብሎ አያውቅም፤ “ሸኘናቸው” ነው የሚለው። ለዚች ለአንዲት ቃል ስትል ጠዋቷን ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጨርሳለች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

ምድር ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ ቧንቧ በጣሪያው ያልፋል፣ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ባልዲ አለ። ቅዝቃዜውን ፈርቶ ይሆናል፣ ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ውጭ ፀሐይ እያለ ወፍራም ሹራብ ለብሷል። “ይቀመጡ። ምን ልርዳዎ?” አላት። አንቱታው ሰውነቷን ነዘራት፤ የሥራ ጨዋነት መሆኑን እያወቀች እንኳ። ያለ ትንፋሽ ነገረችው። ባለ ሹራቡ አላቋረጣትም። ስትጨርስ፣ ድርጅት የላከው ሠራተኛ እዚያ እስካለ ድረስ እዚያ ካሉት እኩል መታየት እንዳለበት፣ ደሞዙም፣ የሥራ ሰዓቱም፣ ሲጎዳ ሕክምናውና ካሳውም እንደ እነሱ እንደሆነ፣ ሁለቱ መንግሥታት በዚህ ላይ የተስማሙት ስምምነት እንዳለ ነገራት። “ሥልጠና በሉ ያሏቸውም ለዚሁ ነው። ችግሩ አውሮፕላኑ ነው” አለ። “አንዴ ከገባ ጣቱ የት እንደተጨፈለቀ የሚመሰክር አይገኝም። እዚህ ሲደርስ ‘የቤቱ በር ነው የቀጠቀጠው’ ይላሉ። እዚያ አቻ መሥሪያ ቤት አለን፤ አሁኑኑ እደውላለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ይልካሉ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሄደው ‘በፈቃድህ ነው የምትሳፈረው?’ ብለው ይጠይቁታል። ‘አዎ’ ካላቸው በጉልበት አያስቀሩትም።”

“ፎርማኑ አጠገቡ ቆሞ ከሆነስ?”

“ፎርማኑን ያርቁታል። ፍርሃቱን ግን እኛ ልናርቅለት አንችልም። እርስዎ ሊያናግሩት ይችላሉ?”

የወንድሟ ስልክ ዝግ ነው። ያለው መንገድ የፎርማኑ ስልክ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ባሏ ዘንድ አለ፣ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወጥቶ የሚያወራው ከእሱ ጋር ነው። ባለ ሹራቡ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ በማታውቀው ቋንቋ ማውራት ሲጀምር እሷ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ባሏ ቶሎ አነሳ። መኪና ማጠቢያ የሚባል ድምፅ የለም፤ በር ሲዘጋ፣ ሰው በእንግዳ መቀበያ ሲስቅ ይሰማል። “የፎርማኑን ቁጥር ስጠኝ” አለችው። “ምን ያደርግልሻል?” “ስጠኝ ብቻ።” “የለኝም” አለ። የለኝም! ባለቀሰች ይሻላት ነበር። “እጁን ታውቅ ነበር?” አለችው። የቧንቧው ጠብታ ባልዲው ውስጥ ሲወድቅ ተሰማት። “እኔን ነገር ውስጥ አታስገቢኝ፣ እባክሽ” አለ ባሏ። “ማታ ይገባል፤ እዚሁ እናሳክመዋለን። አለቃ ራሱ ቃል ገብቶልኛል። ደግሞ ረጋ ብለሽ አስቢ፣ የኛ ቤት የሚያድረው በማን እንጀራ ነው?” ዘጋችበት። የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ጋ ደወለች። “ከኔ አገኘሁ እንዳትይ፣ ልጆቼን!” አለቻት ሴትዮዋ፤ ግን ቁጥሩን ሰጠቻት፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ድምፁን ለቅቃ ደወለች። ፎርማኑ ድምፁ ማር ነው። “እህቱ ነሽ? አይዞሽ እህቴ! ወንድምሽ እኮ አንበሳ ነው። ሻንጣውን ሸክፎ መኪና እየጠበቅን ነው።” ድምፁን ልስማ አለችው። ደክሞታል አላት። “ግድ የለም፣ አንድ ነገር እንዲገዛልኝ ነው፣ ዚፕ” አለች፤ ውሸቱ ከየት እንደመጣላት አላወቀችም። “እዚያ እርካሽ ነው አሉ፤ እዚህ ከኮቱ በልጧል።” ፎርማኑ ከልቡ ሳቀ። “ሴቶች! በሉ ተነጋገሩ፣ ድምፁን ለቅቄዋለሁ።” ባለ ሹራቡ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ራሱን አዘነበለ።

“አቤት፣ እትዬ” አለ ወንድሟ። ድምፁ ከጠዋቱ የበለጠ ቀጥኗል።

“በፈቃድህ ነው የምትመጣው?”

“አዎ፣ በፈቃዴ ነው። እርስዎ አይጨነቁ።”

እጇን ጠረጴዛው ላይ ተጫነች። “አሁን ያልከውን አንቺ ብለህ ድገመው” አለችው።

ከወዲያ ማዶ ፎርማኑ “ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ደግሞ?” ሲል፣ ሲስቅ ተሰማ። “የልጅነት ጨዋታችን ነው” አለች፣ እንደምንም ሳቅ ብላ። “አሁን ካልመጣልህ መንገድ ላይ ድገመው። ማንም ቢጠይቅህ እንደዚያ ብለህ ድገመው። ሰማኸኝ? አንቺ ብለህ።” ወንድሟ ትንፋሽ ሲስብ ሰማች፤ ሊናገር ነው ስትል ስልኩ ተዘጋ። ባለ ሹራቡ ግራ ገብቶት አያት። “ይህ ምን ማለት ነው?” አላት። “ከገባው ገብቶታል” አለች።

አስር ሰዓት ሱቅ ውስጥ ሆና አለፈ። ሜትሮ የተሰፋውን ሱሪ ከፍተው፣ አሳጥረው፣ ተኩሰው ሰቅለውታል፤ ምንም አልጠየቋትም። እሷ ክር በመርፌ ልታስገባ ትሞክራለች፣ ክሩ ይሰነጠቃል፣ ትልሰዋለች፣ ደግሞ ይሰነጠቃል። አስር ተኩል ሆነ። ተሳፍሮም ከሆነ አሁን ደመና ላይ ነው፤ ያ በአንሶላ የተጠቀለለ እጁ ጭኑ ላይ ተቀምጦ፣ አስተናጋጇ ምን ልስጥህ ስትለው “ምንም” እያለ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሜትሮ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ይህን ሲያደርጉ አይታቸው አታውቅም። “በቃ ልጄ፣ ዛሬ ይሄ መኪና ካንቺ ጋር አይስማማም፣ ግቢ” አሏት። አውቶብሱ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ ሄደች።

ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው በረንዳው ላይ የተዘረጋውን ፍራሽ ነው። ወንድሟ ከመሄዱ በፊት ሳሎን የሚተኛበት ተጣጣፊ ፍራሽ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተወስዶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አጠገቡ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ አንሶላ፣ ዋጋው እላዩ ላይ እንደተለጠፈ። ባሏ ቀን መጥቶ ነበር ማለት ነው። ስልኩን ከዘጋችበት በኋላ፣ የለኝም ካላት በኋላ፣ በምሳ ሰዓቱ ሱቅ ገብቶ ለወንድሟ አንሶላ መርጦ፣ ፍራሹን ተሸክሞ አውጥቶ አራግፏል። ቁጣዋን በአንድ ቦታ አላስቀምጥ አላት ይሄ ፍራሽ። ብትጠላው ይቀላት ነበር። ወጡን ምድጃው ላይ ጣደችና ሳታማስለው መስኮቱ ጋ ቆመች፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው። ፍራሹን ላስገባው ወይስ ይቆይ? ካስገባችው ይመጣል ማለት ነው። ተወችው።

ስልኩ ሲጮኽ የማታውቀው ቁጥር ነው። አነሳችው።

“አንቺ!” አለ ወንድሟ።

ምድጃው ጠርዝ ላይ ያለው ማማሰያ ወለሉ ላይ ወደቀ። “አንቺ፣ አትሰሚም እንዴ? ሆስፒታል ነኝ፣ በነርሷ ስልክ ነው። አንቺ፣ ሁለት ሰዎች መጡ፣ አንዷ የኛን ቋንቋ ትሰባብራለች። በፈቃድህ ነው ወይ አለችኝ። ፎርማኑ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ እያየኝ ነው። አዎ ልላት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ነበረች። ከዚያ እንዳልሽኝ በልቤ አንቺ ብዬ ልደግመው ብል እምቢ አለኝ። አልወጣ አለኝ! እዚያው ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩልሽ።” እሷም እያለቀሰች ነበር፤ መሬቱ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ። “አሁን የቀሩትንም ልጆች እየጠየቋቸው ነው” አላት። “ሥልጠና የሚለው ነገር አልቆለታል።”

“እጅህስ?”

“አንዷን ያድኗታል። ሌላዋን... ዛሬውኑ ያነሷታል። በመጀመሪያው ቀን መጥተህ ቢሆን ሁለቱም ይተርፉ ነበር አለኝ ሐኪሙ። ለምን ዘገየህ ይለኛል።” ከዚያ ድምፁን ለወጥ አድርጎ፣ ማስታረቅ እንደሚፈልግ ሰው፣ “ሹፌሩን ግን እንዳትቆጪው፣ እሺ? እሱ ምን ያድርግ። የዚያኑ ዕለት ደውዬለት ነበር። ለእቴ ንገርልኝ፣ የምትሆነውን እሷ ታውቃለች ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ረስቶት ይሆናል” አላት።

“ረስቶት ይሆናል” አለች እሷም።

ባሏ የገባው ገና ሳይመሽ ነው። በሩን በቀስታ ዘጋ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አንዱን ጫማ አወለቀና ሌላውን ሳያወልቅ ቀና አለ። በረንዳው ላይ ያለውን ፍራሽ አየ፤ ከዚያ እሷን። “አልተሳፈረም” አለ። “አለቃ ቀውጢ ፈጥሯል። ያንተ ቤተሰብ ነው አለኝ፣ በሰው ፊት። አንቺ ነሽ አይደል?” ድምፁን ቁጣ ሊያስመስለው ፈልጎ አልሆነለትም። ወንበሩን ይዞ ቆመ። “እጁን... ምን አሉት?”

ወጡን ከምድጃው አወረደች። ሳህኑን ከመደርደሪያው አንስታ በጨርቅ ወለወለችው፣ ንጹሕ የነበረውን፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በእሱ ቦታ፣ በእሱ በኩል አስቀመጠችው።

“እራትዎ ደርሷል” አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ፈገግ ሊል ከንፈሩን አላቀቀ፣ የጠዋቱን የወንድሟን ቀልድ የምትደግምለት መስሎት ይሆናል። ፊቷን አየና ፈገግታው እዚያው ቀረ። “ተይ እንጂ” አለ። “ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ። እባክሽ፣ አንተ በይኝና ስደቢኝ።”

ወንበሩን ሳብ አድርጋ አመቻቸችለት።

“ይቀመጡ እንጂ” አለችው። “ይቀዘቅዝብዎታል።”